የባላንጊጋ ደወሎች፦ የአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ታሪክ

ከፊሊፒንስ ደሴቶች መካከል ሳማር በስፋቷ ከሉዞንና ከሚንዳናኦ ቀጥላ ሦስተኛይቱ ናት። በዚህች ደሴት ደቡባዊ ጠረፍ፣ ወንዝ ከሌይቴ ባሕረ ሰላጤ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ፣ ባላንጊጋ የምትባል አነስተኛ ከተማ ትገኛለች። ነዋሪዎቿ 14 ሺህ ያህል ናቸው። የሚናገሩት ቋንቋ ዋራይ ሲሆን፣ የሚተዳደሩትም በዓሣ ማጥመድ፣ በሩዝና በኮኮናት እርሻ ነው። የጠረፉ ከተሞች ኑሮ ሁሉ ይኸው ነውና፣ በዚህ ረገድ ባላንጊጋን ከጎረቤቶቿ የሚለያት ነገር የለም። ሆኖም የዚህች ከተማ ስም ከመቶ ዓመት በላይ ሁለት መንግሥታትን ሲያከራክር ኖሯል። የክርክሩም ምክንያት በቤተ ክርስቲያኗ ተሰቅለው የነበሩ ሦስት የነሐስ ደወሎች ናቸው።

ስለ ባላንጊጋ የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የሚጀምረው በ1901 ከነበረ አንድ ማለዳ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሰው ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ያ ማለዳ ግን ድንገት ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ደወሉ በዚያ ሰዓት ለምን እንደ ተደወለ፣ ሕዝቡም ድምፁን ሰምቶ እንደ አንድ ሰው ለምን እንደ ተነሣ ለመረዳት፣ አስቀድሞ ከተማይቱ ከደወል ጋር የነበራትን የኑሮ ትስስር መመልከት ያስፈልጋል።

ስፔናውያን ወደነዚህ ደሴቶች የገቡት በዚሁ በሳማር በኩል ነው። በማጄላን የሚመራው የመርከብ ጉዞ በማርች 1521 የሳማርን ተራሮች ከሩቅ ካየ በኋላ፣ ለዕረፍት የወረደው ከባላንጊጋ በስተምሥራቅ በኩል ባለችው በሆሞንሆን ደሴት ላይ ነበር። የኢየሱሳውያን ማኅበር ሰባኪዎች ግን ሳማር የደረሱት በ16ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም ነው። ያገኙትም በወንዝና በባሕር ዳር፣ በየጎጡ ተበታትኖ የሚኖር ሕዝብ ነበር። ለገዥው ግብር መሰብሰብ፣ ለቄሱም ማስተማር እንዲመች፣ ይህ ሕዝብ ከየጎጡ ተነሥቶ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ እንዲሰፍር ተደረገ። አሰፋፈሩን ስፔናውያኑ «ከደወል በታች መኖር» ይሉት ነበር። ስያሜው ለጌጥ የተነገረ አይደለም። የደወሉ ድምፅ የሚሰማበት ምድር ከተማ ነው፤ ድምፁ የማይደርስበት ደግሞ ግብር የማይከፈልበትና ትእዛዝ የማይሰማበት ዱር ነው። በእነርሱ አስተሳሰብ የመንግሥት ወሰን እስከ ደወሉ ድምፅ ድረስ ነበር።

ሕዝቡ ግን የተጫነበትን ነገር ቀስ በቀስ የራሱ አደረገው። ደወሉ ለንጋት፣ ለቀትርና ለሠርክ ጸሎት ይደወላል፤ ሰው ሲሞት ለሐዘን፣ በዓል ሲደርስ ለደስታ ይደወላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ነበር። ከሚንዳናኦና ከሱሉ በኩል የሚመጡ ባሪያ ፈንጋዮች የሳማርን ጠረፍ ለዘመናት ሲያጠቁ ስለኖሩ፣ ጀልባዎቻቸው ከሩቅ በታዩ ጊዜ ሕዝቡን የሚጠራው ደወል ነው። በዚያው ጠረፍ የምትገኘው የጊዋን ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ ምሽግ ውስጥ መሠራቷ የዚያን ዘመን ሥጋት እስከ ዛሬ ይመሰክራል። እንግዲህ በዚህ ጠረፍ ያደገ ሰው ደወል ባልተለመደ ሰዓት ሲደወል ምን ማድረግ እንዳለበት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል።

ከሦስቱ የባላንጊጋ ደወሎች ትልቁ 1853 የሚል ዓመተ ምሕረት ተቀርጾበታል። ሁለቱ ታናናሾች 1889 እና 1895 የሚሉ ሲሆኑ፣ ጽሑፋቸው እንደሚያስረዳው ቀልጠው እንደገና የተፈሰሱ ናቸው። ሦስቱም ኢየሱሳውያኑ በ1768 ከተባረሩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደብሩን የተረከቡት የፍራንቸስካውያን ማኅበር ምልክት አለባቸው። እንዲህ ባለች ከተማ ነሐስ በከንቱ አይጣልም። የተሰነጠቀው ደወል ይቀልጣል፣ እንደገና ይፈሳል፣ ተመልሶ ይሰቀላል። አያት የሰማውን ነሐስ የልጅ ልጅም ይሰማዋል ማለት ነው።

ከደወሉ በታች ያለውን ኑሮ በተመለከተ፣ ከ19ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የሳማርን ገጠር ከዓለም ገበያ ጋር ያስተሳሰረው አባካ ነው። አባካ የሙዝ ወገን፣ የእኛም እንሰት ዘመድ የሆነ ተክል ሲሆን፣ ከግንዱ ተፍቆ የሚወጣው ቃጫ የጨው ውኃ የማይበግረው የመርከብ ገመድ ይወጣዋል። በንግዱ ዓለም «የማኒላ ቃጫ» የተባለው ይኸው ነው። ቃጫውን የሚፍቀው የሳማር ገበሬ ነው፤ ትርፉ ግን ሌላ ዘንድ ይቀራል። ከአባካው ጎን ኮኮናት አለ። ጠማቂው ማለዳና ማታ ዛፉ ላይ እየወጣ፣ ከአበባው ግንድ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ በቀርከሃ ይቀበላል፤ በዛፍ ቅርፊት አቅልቶም «ቱባ» የሚባለውን መጠጥ ይሠራል። ቱባ የሌለበት ሠርግም ሆነ ተዝካር አይታሰብም። ይህንን መጠጥ አንባቢ ልብ እንዲለው ያሻል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

የዋራይ ሕዝብ በሥራም በጨዋታም ኅብረት ያለው ነው። «ቲክሎስ» የሚባለው ልማድ ገበሬዎች ተሰባስበው በተራ የአንዱን ማሳ የሚመነጥሩበትና የሚያርሱበት ሥርዓት ሲሆን፣ ከእኛ ደቦና ወንፈል ምንም አይለይም። የቲክሎስ ውሎ ያለ ዘፈን አይሆንምና በዚሁ ስም የሚጠራ ውዝዋዜም አለ። ከጭፈራዎቹ ሁሉ የሚወደደው ግን «ኩራትሳ» ነው። ወንዱ እንደ አውራ ዶሮ እየተንጎራደደ ሴቲቱን ይከተላል፤ እርሷ ትሸሻለች፣ ትመለሳለች፤ ተመልካቹም በሁለቱ ላይ ገንዘብ ያዘንባል። በሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ራሳቸው ስለሚጨፍሩት፣ የሚዘንበው ገንዘብ የጎጆ መውጫ ይሆናቸዋል።

ወደ ዘመኑ ታሪክ እንመለስ። ፊሊፒናውያን በጁን 12 ቀን 1898 ነፃነታቸውን ቢያውጁም፣ ስፔን በዚያው ዓመት በዲሴምበር በፓሪስ በተፈረመ ውል ደሴቶቹን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ አስረከበች። የአገሩን ሕዝብ የጠየቀው አልነበረም። ጦርነቱም በፌብሩዋሪ 1899 ተጀመረ። በማርች 1901 የሪፑብሊኩ መሪ አጊናልዶ ሲማረክ አሜሪካውያን ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር። በሳማር ግን ጄኔራል ቪሴንቴ ሉክባን በጫካ ሆኖ ይዋጋ ስለ ነበረ፣ ወደቦቹን ዘግቶ የአባካ ንግዱንና የእህል ምንጩን ማድረቅ የአሜሪካውያን ስልት ሆነ። የባላንጊጋ ፕሬዚዳንት ፔድሮ አባያን በሜይ 1901 ለሉክባን በላከው ደብዳቤ፣ ጠላት ቢመጣ ሕዝቡ በፊት ለፊት የሚቀበል መስሎ ጊዜ እንደሚጠብቅና ምቹ ሰዓት ሲገኝ እንደሚነሣ አስታውቆ ነበር።

የ9ኛው እግረኛ ሬጅመንት «ሲ» ሻምበል ጦር፣ 74 ሰው ሆኖ በኦገስት 11 ቀን 1901 ባላንጊጋ ወረደ። የከተማይቱ ደብር የሰማዕቱ የቅዱስ ሎሬንዞ ሲሆን፣ የቅዱሱ ቀን ኦገስት 10 ነው። ወታደሮቹ የደረሱት እንግዲህ በበዓሉ ማግሥት መሆኑ ነው። ሬጅመንቱ ባለፈው ዓመት በቻይና የቦክሰሮችን ዐመፅ ለመደምሰስ የተሰለፈ ነበር። አዛዡ ሻምበል ቶማስ ኮኔል ወጣት የዌስት ፖይንት ምሩቅና ጥብቅ ካቶሊክ ነበር። መጀመሪያ ላይ ኑሮው በሰላም አለፈ። ወታደሮቹ ከነዋሪው ጋር ቱባ ይጠጡ፣ ጨዋታም ይጫወቱ ነበር።

ሰላሙን ያደፈረሱት ነገሮች ከሩቅ ሲያዩአቸው ጥቃቅን ይመስላሉ። ሰክረው የነበሩ ሁለት ወታደሮች ቱባ የምትሸጥ ልጃገረድ ሊደፍሩ ሲሞክሩ ወንድሞቿ ደርሰው ደበደቧቸው። ኮኔል ደግሞ የበላይ አለቆች ለጉብኝት ስለሚመጡ ከተማይቱ እንድትጸዳ አዘዘ። በየቤቱ ሥርና በየጓሮው ያለው ቅጠላ ቅጠል ለአሜሪካዊው አረም ነው፤ ለባለቤቱ ግን ከፊሉ ምግብ ነው። ሥራው እንዲፋጠን ሲባል የከተማይቱ ወንዶች ተሰብስበው ታሰሩ። ሰማንያ ያህሉ እህል ሳይቀምሱ በሁለት ድንኳን ውስጥ ተፋፍገው አደሩ። ገጀራቸው ተወሰደ፤ ለቤታቸው ያከማቹት ሩዝም ተወረሰ። «ቦሎ» የሚሉት ገጀራ ለሳማር ገበሬ ምንድን ነው? ኮኮናት ይፈነክትበታል፣ አባካ ይቆርጥበታል፣ ቤት ይሠራበታል። የጦር መሣሪያ ከመሆኑ በፊት እጁ ነው። እጁንና ጉርሱን ባንድ ቀን የተነጠቀ ሰው ምን እንዲያስብ ይጠበቅ ነበር? በእኔ አስተያየት የባላንጊጋ ነገር የተቆረጠው በዚያች ሌሊት፣ በድንኳኖቹ ውስጥ ነው።

ዕቅዱን ያወጡት የሉክባን መኮንን የነበረው ሻምበል ኢዩጄንዮ ዳዛና የከተማይቱ ፖሊስ አዛዥ ቫሌሪያኖ አባናዶር ናቸው። ከአጎራባች መንደሮችም ጭምር የተውጣጡ አምስት መቶ ያህል ሰዎች በሰባት ቡድን ተከፈሉ። በዋዜማው ሴቶችና ሕፃናት ድምፅ ሳያሰሙ ከከተማይቱ ወጡ። በምትካቸው የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች በቤተ ክርስቲያኑ ገቡ። እንደሚተረከው፣ ገጀራዎቹ የገቡት በትናንሽ የሬሳ ሣጥኖች ውስጥ ነው። አንዱን ሣጥን ያስከፈተ ዘብ የሕፃን ሬሳ ቢያይ በኮሌራ የሞተ ነው ተብሎ ደንግጦ አሳለፈው ይባላል። ከሴራው ተካፋዮች በስም የታወቀች አንዲት ሴት አለች፤ ካሲያና ናሲዮናሌስ። የሌሎቹ ስም ባይመዘገብም ከተማን የሚያህል ምሥጢር ያለ ሴቶች አይጠበቅም።

ሴፕቴምበር 28 ቀን 1901፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 18 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማለዳ ነው። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን በሰፈሩበት ትተው ለቁርስ ተቀምጠዋል። አባናዶር እንደ ወትሮው የሥራ ሰዎቹን የሚቆጣጠር መስሎ ወደ አንዱ ዘብ ተጠጋና ጠመንጃውን ነጥቆ መታው። ጩኸቱን ተከትሎ ደወሉ ተደወለ። በዚያ ጠረፍ ለዘመናት የጠላትን መምጣት ሲያውጅ የኖረው ድምፅ አሁንም የተለመደ ሥራውን ሠራ። ከቤተ ክርስቲያኑና ከየሥራው ቦታ ሰው ፈሰሰ። ኮኔልን ጨምሮ ሦስቱም መኮንኖች ተገደሉ። ከ74ቱ አሜሪካውያን 48 ሲሞቱ 22 ቆሰሉ፤ ጉዳት ያልደረሰባቸው አራት ብቻ ነበሩ። ከከተማው ወገን 28 ሰዎች እንደ ሞቱ ይነገራል። የተረፉት ወታደሮች በጀልባ ወደ ባሴይ ሸሹ። በማግሥቱ የመጣው ጦር ባዶዋን ከተማ ከነቤተ ክርስቲያኗ አቃጠላት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከባላንጊጋ አልፎ ሳማርን ሁሉ ነካ። ብርጋዴር ጄኔራል ጄኮብ ስሚዝ ለሻለቃ ሊትልተን ዎለር የሰጠው ትእዛዝ ምርኮኛ እንዳይያዝ፣ እንዲገደልና እንዲቃጠል፣ መሣሪያ ሊይዝ የሚችል ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ እንዳይምር የሚል ነበር። ዎለር ትእዛዙን ቃል በቃል እንዳልፈጸመው ይነገርለታል፤ ነገር ግን አሥራ አንድ አገሬ ተሸካሚዎችን ያለ ፍርድ በማስረሸኑ ተከሶ በነፃ ተለቀቀ። የስሚዝ ትእዛዝ ለሕዝብ የታወቀው በዚሁ ችሎት ነው። በሜይ 1902 አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ዓይናቸው በጨርቅ ታስሮ ለመረሸን የተደረደሩ ሕፃናትን የሚያሳይ ሥዕል አወጣ። ስሚዝም በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ የተፈረደበት ተግሣጽ ብቻ ነበር፤ በኋላ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በጡረታ አሰናበተው።

በሳማር ስንት ሰው አለቀ? አንዳንዶች ከሁለት ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነው ሲሉ፣ ሌሎች እስከ ሃምሳ ሺህ ያደርሱታል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የቁጥሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ልዩነቱ ራሱ ነው። የ48ቱ አሜሪካውያን ስምና ማዕረግ በየአንዱ ተመዝግቦ ይገኛል። የሳማር ሙታን ግን ግምት ናቸው። የቆጠራቸው ስላልነበረ፣ ዛሬ ታሪክ ጸሐፊው ከተቃጠሉ ቤቶችና ከታረዱ ከብቶች ዝርዝር ተነሥቶ ሰውን ሊገምት ይገደዳል።

በስሙም ላይ ያለው ጠብ ከዚሁ የመነጨ ነው። የአሜሪካ መጻሕፍት የሴፕቴምበር 28ቱን ድርጊት ለብዙ ዘመን «የባላንጊጋ ጭፍጨፋ» ሲሉ ኖሩ። ፊሊፒናውያን የታሪክ ሰዎች በበኩላቸው ጭፍጨፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው ብለው ተከራከሩ፤ በ1989 የወጣው ሕግም ቀኑን በምሥራቅ ሳማር ክፍለ ሀገር «የባላንጊጋ ግጥሚያ ቀን» በሚል ስም የሚከበር በዓል አደረገው። ይህ ጸሐፊ ሁለተኛው አነጋገር ለእውነት እንደሚቀርብ ያምናል፤ የተጠቃው መሣሪያ ያለው የጦር ሰፈር ነበርና። ነገር ግን ሰዎቹ ቁርስ ላይ ሳሉ በገጀራ መቆራረጣቸውን መሸሸግ አያስፈልግም፤ የባላንጊጋ ሰዎችም አይሸሽጉትም። ዳዛ በ1935 በሰጠው ምስክርነት የተደረገውን ከነምክንያቱ አስፍሯል።

ደወሎቹ የጦር ምርኮ ሆነው ተወሰዱ። ሁለቱ በ11ኛው እግረኛ ሬጅመንት እጅ ዋዮሚንግ ግዛት ውስጥ ሻያን አጠገብ ወዳለ የጦር ሰፈር ሄዱ፤ ታናሹን 9ኛው ሬጅመንት ይዞት ሲዞር ቆይቶ በመጨረሻ ደቡብ ኮሪያ አደረሰው። ለጥቃቱ ምልክት የተደወለው ይኸው ታናሹ ነው ይባላል። በዋዮሚንግ ደረቅ ሜዳ ላይ የተተከሉት ሁለቱ ደወሎች ለሞቱት ወታደሮች መታሰቢያ ሆነው ዝም አሉ። ለመደወል የተሠራ ዕቃ ለመታየት ብቻ ተቀመጠ።

የፊሊፒንስ መንግሥት በተለይ በ1990ዎቹ በፕሬዚዳንት ራሞስ ዘመን ደወሎቹን አጥብቆ ጠየቀ። ቅጂ ተሠርቶ ሁለቱ አገሮች ዋናውንና ቅጂውን ይከፋፈሉ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። የዋዮሚንግ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት የሟቾቻችን ሐውልት አይፈርስም ብለው ተቃወሙ፤ ሕግም አገዳቸው። ሐዘናቸው የውሸት ነው ለማለት አይቻልም። ጥያቄው በአንዱ ሐዘን ስም የሌላው የጸሎት ዕቃ መታሠሩ ነበር። ፕሬዚዳንት ዱተርቴ በጁላይ 2017 ባደረጉት ንግግር ጥያቄውን በአደባባይ አነሡት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ ምክር ቤት ክልከላውን የሚያነሣ ሕግ አወጣ፤ ከተቃዋሚዎቹም መካከል ሐሳባቸውን የለወጡ ነበሩ። በኖቬምበር 14 ቀን 2018 በዋዮሚንግ ርክክብ ተደረገ፤ በዲሴምበር 11 ሦስቱም ባንድ የጦር አውሮፕላን ማኒላ ደረሱ።

በእነዚያ 117 ዓመታት ውስጥ ባላንጊጋ ተቀምጣ አልጠበቀችም። ከአመድ ተነሥታ ተሠራች። ከጥንት መንደሮቿ አንዱ የነበረው ላዋአን ራሱን የቻለ ከተማ ሆነ። ታዋቂው የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያ ናፖሊዮን አቡዌቫ የዚያን ማለዳ ሰዎች የሚያሳይ ሐውልት አቆመላት። በየሴፕቴምበር 28 የከተማይቱ ሰዎች ታሪኩን በአደባባይ በትርኢት ያሳያሉ፤ ገጀራው፣ የሴት ልብሱ፣ ሣጥኑ ሁሉ ይወጣል። ተዋናዮቹ የነዋሪዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች በመሆናቸው፣ ይህ ትርኢት ለቴአትር ባለሙያ ልዩ ትምህርት ያለው ነው። በድርሰቱ ውስጥ ያለው ሚና ለአንዳንዶቹ የገዛ ቅድመ አያታቸው ነውና። በኖቬምበር 8 ቀን 2013 ሃይያን የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ በጊዋን በኩል ገብቶ የጠረፉን ከተሞች ሲጠራርግ ባላንጊጋም ክፉኛ ተመታች። ጣሪያው ሁሉ ተገሽልጦ ሄደ፤ ኮኮናቱም ተጋደመ። የኮኮናት ዛፍ ደግሞ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል። ደወሎቹ የተመለሱት ከዚህ ጥፋት ገና በማገገም ላይ ወደነበረች ከተማ ነው።

በዲሴምበር 15 ቀን 2018 ደወሎቹ ባላንጊጋ ገቡ። የገቡበት ቤተ ክርስቲያን በ1901 የተቃጠለው አይደለም፤ በዚያው ደብር በኋላ የታነጸ ነው። ፊሊፒናውያን ከገና በፊት ባሉት ዘጠኝ ቀናት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ያስቀድሳሉ፤ የዚህ ሥርዓት መጀመሪያ ዲሴምበር 16 ነው። በማግሥቱ እንግዲህ ገና ሳይነጋ፣ ሕዝቡ በጨለማ ወደ ቅዳሴ ሲወጣ፣ የጠራው የራሱ ደወል ነበር።